አይርዌን ያወጣችው ስም

በእኛ በአበርዌን ሸለቆ ሰው ሁለት ጊዜ ይጠመቃል ይባል ነበር፤ አንዴ በጸሎት ቤት፣ አንዴ በገበያ። የጸሎት ቤቱ ስም ለመንግሥትና ለመቃብር ድንጋይ ይሆናል። ግማሹ ሸለቆ ጆንስ፣ ግማሹ ዴቪስ በሆነበት አገር ግን በገበያ ያልተጠመቀ ሰው ፖስታ እንኳ በወጉ አይደርሰውም። ስለዚህ ዳቦ ጋጋሪያችን ዴቪስ ዳቦ ነበር፤ ሬሳ ገናዡ ጆንስ አፈር፤ ለገዛ ሠርጉ ዘግይቶ የደረሰው ቶማስ ደግሞ ቶማስ ነገ እንደተባለ ሞተ። ልጁም እስከ ዛሬ ቶማስ ነገ ነው፤ ያውም ከባቡሩ ቀድሞ ጣቢያ የሚደርስ ሰው! በሸለቆአችን ስም እንደ ርስት ይወረሳል።

ከእነዚህ ስሞች የሚበዙት ከአንዲት ሴት አፍ የወጡ ናቸው። አይርዌን ቤቫን ትባላለች፤ ለእኛ አይርዌን ዛጎል። የተወለደችው ወንዛችን ከባሕሩ በሚገናኝበት አሸዋ ዳር ነው። እናቷ ባሕሩ ሲሸሽ አህያዋን እየነዳች እርጥቡ አሸዋ ላይ ትወጣና በመቧጠጫ እየፋቀች ውስጡ የሚበላ ሥጋ ያለውን የባሕር ዛጎል ትለቅም ነበር። አይርዌን ወንፊቱን ትይዝላታለች፤ ትንንሾቹ እንዲያድጉ በቀዳዳው ተመልሰው ይወድቃሉ፣ ትልልቆቹ ይቀራሉ። ያ ቅዝቃዜ ጣቶቿን ገና በልጅነቷ አጉብጧቸው ነበር። ካደገች በኋላ በገበያችን አዳራሽ የእናቷን ቦታ ወረሰች። የዛጎሉን ሥጋ ቀቅላ፣ በትንንሽ ኩባያ እየሰፈረች፣ ኮምጣጤና ነጭ ቁንዶ በርበሬ ነስንሳ ትሸጣለች። ነጭ ሽርጧ እንደ በረዶ ነው፤ ምላሷ ግን እንደ ኮምጣጤዋ።

ባሏ ኢድሪስ ከቆርቆሮ ፋብሪካ በያዘው የሳንባ በሽታ ቀድሟት ሄደ። አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፤ ሊኔድ። ሊኔድም ብዙ ካስወረዳትና ብዙ ካለቀሰች በኋላ አንዲት ልጅ ወለደች፤ ኔስት አሏት። ኔስት በተወለደችበት ቅዳሜ አይርዌን ገበያ አልወጣችም። ይህ ለባሏ ቀብር ማግስት እንኳ ያልተደረገ ነገር ነው። ከዚያ ወዲያ ሕፃኗን በሱፍ ሻሏ ደረቷ ላይ ጠቅልላ እያዞረች፣ ዛጎል ለሚገዛው ሁሉ፣ "እጅህን አትዘርጋ፣ ዓይንህ ይበቃሃል" ትል ነበር።

አሁን ስለ ጌቲን ፕሮሰር ልንገራችሁ። በትምህርት ቤታችን ምክትል ርእሰ መምህር የነበረ፣ በቤታንያ ጸሎት ቤት ደግሞ መዘምራኑን የሚመራ ሰው ነው። ቁመቱ ሎጋ፣ ጠጉሩ ብር። እኔ ከባሶቹ፣ ከወፍራም ድምፆቹ፣ ረድፍ ቆሜ በእሱ እጅ ሥር ዕድሜዬን ጨረስኩ፤ ያን እጁን ወደ ላይ ሲያነሳ የማያምነው ሰው እንኳ ያምን ነበር። ፕሮሰር ዜማ ነበር ስሙ። ሁላችንም "እርስዎ" እንለዋለን፤ አይርዌንም ጭምር።

ፕሮሰር አንድ ነገር ግን ጭንቅላቱ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ብሎት ነበር። የእኅቱ ልጅ ኤምረስ በሁለተኛ ዓመቱ ግድም ይናገራቸው የነበሩት ጥቂት ቃላት ጠፉበትና ዝም አለ። የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ክትባት፣ ያ ሦስቱ በአንድ መርፌ የሚሰጠው፣ የተሰጠው እዚያው ሰሞን ነበር። ፕሮሰር ሁለቱን ነገር በአንድ ክር ሰፋቸው። ከልምምድ በኋላ በጸሎት ቤቱ ጓዳ ሻይ ሲጠጣ እናቶቹን ይሰበስብና፣ "እኔ አላስገድዳችሁም፣ ግን ኤምረስን እዩ" ይላል። ኤምረስን ማን አላየውም? እናቶቹም ያዩና መርፌውን ይተዉታል።

አንድ ቀን የጤና ጣቢያችን ነርስ ዴሊት ሻይዋን እንደያዘች ተነሣች።

"ሚስተር ፕሮሰር፣ ዶሮ ጮኸ፣ ከዚያ ፀሐይ ወጣች። ፀሐይን ያወጣት ዶሮው ነው?"

"እኔ ያየሁትን ነው የምናገረው፣ ዴሊት።"

"እርስዎ አንድ ልጅ ነው ያዩት። ዴንማርኮች ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ልጆች ለዓመታት ተከታትለዋል፤ የተከተቡትንም ያልተከተቡትንም። ኤምረስን የገጠመው ኦቲዝም በሁለቱም ዘንድ እኩል ነው የተገኘው። ያ ነገር ይፋ የሚወጣበት ዕድሜና ክትባቱ የሚሰጥበት ዕድሜ ስለገጠሙ ነው እንጂ አንዱ ሌላውን አልወለደውም።"

"ዴንማርክ ውስጥ ቤታንያ የለችም" አለ ፕሮሰር። ሰው ሳቀ። ዴሊት ሻይዋን ጨለጠችና ወጣች። በሸለቆአችን ያሳቀ ሰው እንደረታ ይቆጠራል።

በየዓመቱ በፋሲካ ማግስት ሰኞ የመዝሙር ጉባኤ አለን። ከየጸሎት ቤቱ ሰው ተሰብስቦ በአራት ድምፅ ተከፍሎ ቀኑን ሙሉ ይዘምራል። ከዚህ ጉባኤ መቅረት ማለት መሞት ነው፤ የታመመም ይመጣል፣ የተጣላም ይመጣል። አዲስ ባርኔጣ ይገዛል፣ ቤቱ ይቀባል፣ አክስት ከእንግሊዝ ትመጣለች።

በዚያን ዓመት ብቻዋን እንድትዘምር የተመረጠችው ሄሌዝ ነበረች፤ የሜና ልጅ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመቷ። ስትዘምር እንደ ምንጭ ውኃ ነበረች። ወደ መድረኩ ስትወጣ ዓይኖቿ ቀልተው፣ እንባ አቅርረው፣ ፊቷ ግሎ አየናት። እኛ ምን አልን መሰላችሁ? መንፈስ ነካት አልን! ከአያቶቻችን ጀምሮ መዝሙር ልቡን የነካው ዘማሪ እንዲያ ነው የሚሆነው፤ ፊቱ ይግላል፣ ዓይኑ ያነባል። እኛም አብረናት አለቀስን። አክስቶች መሀረብ አወጡ። በመሀል ስታስነጥሳት እንኳ "አሜን" ያለ ሰው ነበር። ከፊት ረድፍ አይርዌን ኔስትን በሻሏ አቅፋ ተቀምጣለች። ኔስት የዐሥር ወር ልጅ ናት፤ ዓመት ስላልሞላት ክትባቱ ገና አልደረሳትም።

ሁለት ሳምንት ያህል አልፎ ኔስት ትኩሳት ያዛት። ከዚያ የኩፍኝ ሽፍታ ከጆሮዋ ጀርባ ጀምሮ ሰውነቷን ሁሉ ወረደ። ሆስፒታል ሳሉ በሽታው ወደ አንጎሏ ገባ፤ ለብዙ ቀን በሞትና በሕይወት መካከል ሆነች። ተረፈች። ተመስገን አልን። ቤት ገብታ ግን ሊኔድ ከበሩ ላይ "ኔስት! ማምጊ መጣችልሽ!" ብትል ልጅቷ ዞር አላለችም። 'ማምጊ' የሚለውን የአያቷን መጠሪያ ስትሰማ መላ ሰውነቷ ይስቅ የነበረች ልጅ! አይርዌን የብረት ድስት ክዳን አንሥታ ከኋላዋ መሬት ላይ ጣለችው። ጎረቤት ሰምቶ ወጣ። ኔስት ጣቶቿን ትጠባ ነበር።

ሐኪሞቹ ሁለቱም ጆሮዎቿ እንደማይመለሱ ነገሯቸው።

አይርዌን መጀመሪያ ከፈጣሪ ጋር ነበር የተጣላችው። ቂሟ አድራሻ ያገኘው ሜና ወደ ገበያ በመጣች ጊዜ ነው። ሄሌዝ ከኩፍኙ ድና ነበር፤ ሜና ግን ከስታ እንደ ጥላ ሆናለች። ኩባያ ሳትቀበል፣ ከሰው ፊት፣ ማልቀስ ጀመረች።

"አይርዌን፣ ልጄ ታማ ነበር። የጉባኤው ዕለት ጠዋት ትኩሳት ነበራት፤ መርፌውንም ትቼው ነበር። ለሚስተር ፕሮሰር ነግሬው ነበር።"

"ምን አለሽ?"

"'ለጉንፋን ተብሎ ጉባኤ አይቀርም' አለኝ። ማርና ሎሚ ሰጣት።"

"ሌላስ?"

ሜና መሬት መሬት አየች። "በማግስቱ ሽፍታው ወጣ። ሄጄ አሳየሁት። 'የሙቀት ነው፤ ቅዳሜ የልጆቹ ውድድር አለብን፣ እስኪያልፍ ለማንም እንዳትናገሪ' አለኝ። ዝም አልኩ።"

አይርዌን ሽርጧን አውልቃ፣ ሱቁን ለጎረቤቷ ትታ፣ በቀጥታ ዴሊት ዘንድ ሄደች።

"ማክሰኞ ቢነገርሽ ኖሮ፣" አለቻት፣ "ምን ታደርጊ ነበር?"

ዴሊት በሩን ልትዘጋ ያዘች። አይርዌን ግን ከበሩ ላይ አልተነቃነቀችም።

"አይርዌን፣ ምን ያደርግልሻል..."

"ንገሪኝ።"

"ከተጋለጠች በሦስት ቀን ውስጥ ከሆነ ለእሷ ዕድሜ ክትባቱን ቀደም አድርገን እንሰጣለን። ካለፈም እስከ ስድስት ቀን ድረስ ሌላ የሚከላከል መርፌ አለ። ሁልጊዜ ያድናል አልልሽም፤ ብዙውን ጊዜ ግን ወይ ያስቀረዋል ወይ ያቀለዋል።"

"እስከ ቅዳሜ ጊዜ ነበራት ማለት ነው።"

"ነበራት።"

አይርዌን ያን ጊዜ ማለች። ዴሊት ናት የነገረችኝ፤ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም አለች። "ያወቀውን፣ የደበቀውን፣ በገዛ አፉ ይናገራታል። እኔ ዘንድ መጥቶ ተንሾካሹኮ አይደለም። በጉባኤው ቀን፣ ሄሌዝን ባቆመበት ቦታ ቆሞ፣ በሰው ፊት። እስኪላት ድረስ እንቅልፍ አላስተኛውም።"

ፕሮሰር እንደ ልማዱ ቅዳሜ ለኩባያው መጣ። ሰልፍ ነበር። እኔም ሰልፉ ውስጥ ነበርኩ።

"እንደምን አደርሽ፣ አይርዌን። ስለ ሕፃኗ በጣም አዝኛለሁ" አለ ባርኔጣውን አንሥቶ።

አይርዌን የኮምጣጤውን ጠርሙስ አስቀመጠች። ከዚያም አዳራሹ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ "ምን ልስጥህ፣ ፕሮሰር ኩፍኝ?" አለችው።

ከስሙ ይልቅ "ልስጥህ" ያለችው ነው መጀመሪያ ያስደነገጠን፤ ፕሮሰርን አንተ ያለ ሰው አይተን አናውቅም። ቀጥሎ ከሥጋ ሻጩ በኩል አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ። አንድ ሳቅ ይበቃል። የተሳቀበት ስም ተጠመቀ ማለት ነው።

"አይርዌን፣ እባክሽ..."

"ለኩፍኝ የሚሸጥ ዛጎል የለኝም። የሚቀጥለው!"

እሑድ ስሙ ጸሎት ቤት ደርሶ ነበር። ሰኞ ልጆች ከኋላው እየዘመሩት ሄዱ፤ ያውም እሱ ራሱ ባስተማራቸው ዜማ፣ በሁለት ድምፅ።

ይህ አልበቃትም። በሱቋ ላይ አዲስ ሥርዓት አወጣች። ልጅ ያላት እናት ስትመጣ ከኩባያው በፊት ጥያቄ ትጠየቃለች።

"ልጆችሽ ተከትበዋል?"

"ትልቁ አንዱን ወስዷል፣ ሁለተኛውን..."

"አንዱን? አንድ ጫማ ብቻ አድርገሽ ነው የመጣሽው? ሂጂ፣ ሁለተኛውን ስታስወጊው ተመለሽ።"

ዴሊት ይህን ሰምታ መጣች። "አይርዌን፣ ሰው በስድብ አይከተብም። የፈራች እናት ማብራሪያ ነው የምትፈልገው።"

"አንቺ አብራሪላቸው፤ እኔ እነክሳለሁ።"

ስለዚህ ዴሊት ቅዳሜ ቅዳሜ ከዛጎሉ ሱቅ ጎን መቆም ጀመረች። አይርዌን የነከሰቻትን እሷ ትቀበላታለች። አንዲት ወጣት እናት፣ "እውነቱን ንገሪኝ፣ ምንም አያደርጋቸውም?" ብላ ስትጠይቃት ሰምቻለሁ።

"'ምንም አያደርጋቸውም' አልልሽም፣ የኔ እመቤት" አለች ዴሊት። "ክንዱ ያብጣል። ከሳምንት በኋላ አንዳንዱን ትኩሳት፣ ጥቂቱን ቀላል ሽፍታ ይይዘዋል፤ አይተላለፍም። ከሺህ አንድ ያህሉን ትኩሳቱ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል፤ ያስደነግጣል፣ ግን ያልፋል። ኩፍኙ ራሱ የሚያደርገውን ግን ሊኔድ ቤት ሄደሽ እይ።"

"መርፌውስ በእርግጥ ይከላከላል?"

"አንድ መርፌ ከመቶ ልጆች ዘጠና ሦስት ያህሉን ከኩፍኝ ይጠብቃል። ሁለተኛው ከቀሩት ብዙዎቹን ይጨምርልሻል። ለጆሮ ደግፍ እንዲያ አይጠነክርም፤ አልዋሽሽም። ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ግን የሚጠብቀው የአንቺ ልጅ መከተብ ነው። ኔስትን የሚጠብቃት የሄሌዝ ክንድ ነበር።"

በራግቢ ኳስ ክለቡ አዳራሽ የክትባት ቅዳሜ ተከፈተ። ሰልፉ እስከ ድልድዩ ደረሰ። የሚያለቅሰው ሕፃን ብዛት! ከዚያ አዳራሽ እንዲህ ያለ ጩኸት የተሰማው በእንግሊዝ የተሸነፍን ዕለት ብቻ ነው። የፕሮሰር የልጆች መዘምራን ግን ባዶ ቀሩ። እናቶቹ አንድ በአንድ ልጆቻቸውን አወጡ። እሱ አርብ አርብ መብራት አብርቶ ፒያኖው ጋ ይቀመጣል፤ ማንም አይመጣም። አይርዌን ከገበያ ስትመለስ በመስኮቱ በኩል ቆማ ታየው ነበር። "ደስ ይልሻል?" ብላት፣ "እንዴታ" አለችኝ። "አንተ ዝማሬ የሌለበት ቤት ምን እንደሚመስል ታውቃለህ? እኔ ቤት ነው። እሱም ይልመደው።"

ሰባኪያችን ሊመክራት መጣ። "አይርዌን፣ 'ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት' ሲባል አልሰማሽም?"

"ሰምቻለሁ" አለች። "ሳል ይዞ መዝሙርስ እንዴት ነው?"

ሰባኪያችን ባርኔጣውን አንሥቶ ሄደ። ዛጎልም አልሸጠችለትም።

አንድ ሰው ብቻ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነበር፤ ኤምረስ። ትልቅ ሰው ሆኖ እንኳ አይናገርም፤ መጥቶ ይቆማል፣ ጣቱን ያነሣል። አይርዌን ኩባያውን ሞልታ ትሰጠዋለች። በእሱ ፊት የአጎቱን አዲስ ስም የጠራን ሰው በማንኪያ መታዋለች።

በክረምቱ መጨረሻ፣ ገበያው ሊዘጋ ሲል፣ ፕሮሰር መጣ። ጎብጦ ነበር። ብር የነበረው ጠጉሩ ገለባ መስሏል።

"አይርዌን፣ ስሙን አንሺልኝ።"

"ስሙ የእኔ አይደለም አሁን፤ የሸለቆው ነው።"

"ለእኔ አይደለም። የልጄ ልጅ ትምህርት ቤት ጀምራለች። 'ትንሿ ኩፍኝ' ይሏታል። አምስት ዓመቷ ነው፤ ምን አደረገች?"

አይርዌን ኩባያዎቹን እየደራረበች ቆየች። "ኔስትስ ምን አድርጋ ነበር?"

ፕሮሰር ባርኔጣውን አወለቀ።

"ልጅቷ ተከትባለች?"

"ሁለቱንም። ከኔስት ወዲህ እኔ ራሴ ነኝ የወሰድኳት።"

"እንግዲህ ስማ። ከአንተ ላይ አይነሣም፤ ከአንተ ጋር ነው የሚቀበረው። ልጅቷን ግን ከሸለቆው አፍ አወጣታለሁ፤ በእሷ ላይ ሁለተኛ ሰው አይጠራውም። ዋጋውን ታውቃለህ።"

"የት?"

"ሄሌዝን ያቆምክበት።"

በቀጣዩ የፋሲካ ማግስት ቤታንያ እስከ ሰገነቱ ሞልታ ነበር። የሚመራን እንግዳ ሰው ነው። አይርዌን እንደ ልማዷ ከፊት ረድፍ፤ ኔስት ጭኗ ላይ፣ ሊኔድ ከጎኗ። ከሁለተኛው መዝሙር በኋላ ፕሮሰር ከጎን ወንበር ተነሥቶ ወደ መድረኩ ወጣ። በዚያ መድረክ ላይ እጁን የሚያደርግበት አጥቶ ሲቆም ያን ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት።

"ባለፈው ዓመት፣" አለ፣ "ሄሌዝ እንደታመመች ተነግሮኝ ነበር። አዘመርኳት። በማግስቱ ሽፍታውን አየሁ። ውድድሩ እንዳይቀርብኝ ብዬ እናቷን ዝም አሰኘኋት። ብናገር ኖሮ ኔስት ልትድን ትችል ነበር። ስለ ክትባቱም የነገርኳችሁ ስሕተት ነበር።"

ሊወርድ አንድ እግሩን አነሣ።

"ድገመው" አለች አይርዌን ከተቀመጠችበት።

"አይርዌን..."

"ልጅቷ አልሰማችም። ድገመው።"

ሰባኪያችን ሊነሣ ሲል ሊኔድ እጁን ያዘችው። ፕሮሰር ደገመው፤ ከፍ አድርጎ።

"አሁንም አልሰማችም።"

ለአርባ ዓመት ሸለቆውን የሞላው ድምፅ በጩኸት ደገመው፤ "ዝም አሰኘኋት" ከሚለው ላይ ሲደርስ ተሰነጠቀ። እንባው በአገጩ ወረደ፤ ፊቱ ግሎ፣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። በዚህ ጊዜ "አሜን" ያለ አልነበረም። ኔስት የሚከፈተውንና የሚዘጋውን አፉን ትክ ብላ አየች። ከዚያ እሷም አፏን ከፍታ ዘጋች፣ ከፍታ ዘጋች፣ ሳቀችም፤ ጨዋታ መስሏታል።

ያስቆመው ሰው አልነበረም። እኔም አላስቆምኩትም፤ ይገባዋል ብዬ ነበር፤ ዛሬም እንደዚያው ነው የማስበው።

ድምፁ ፈጽሞ ጠፍቶ ከንፈሩ ብቻ መንቀሳቀስ ሲጀምር አይርዌን የልጅቷን ጉንጭ ወደ ደረቷ አዞረች።

"ይኸው፣ አሁን እሷ የምትሰማውን ያህል ሰማን" አለች። "ውረድ። እናንተም ምን ታፈጣላችሁ? ዘምሩ!"

መሪው መጽሐፉን አገላበጠ። የባሶቹ ረድፍ ቀድመን ወደ ዜማው ገባን።